አሜን ያልንበት ጽዋ

ጥቅምት 21

ዛሬ ጉድ ሠራሁ። ሠራሁ ልበል ወይስ ተሠራ? እጄ ስላለበት ሠራሁ ይሁን።

ማኅበራችን የእመቤታችን ነው፤ በየወሩ በሃያ አንድ እንገናኛለን። የዛሬው ተራ የአንተነህ ነበር። በልተን ጠጥተን ስናበቃ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ይቀበላል፤ ቄስ ባዘዘው ይመርቁታል፤ እኛ አሜን እንላለን፤ በቃ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲደረግ የኖረ ነው፤ ማንም ተሳስቶበት አያውቅም። የኅዳር ተረኛችን ታማ ስለቀረች፣ ጽዋውን እኔ ይዤ ቤቷ ድረስ እንዳደርስላት አቶ አስማማው አዘዙኝ። እርሳቸው ማኅበሩን የሚመሩ ሙሴያችን ናቸው፤ ሲያዝዙ እምቢ አይባልም። ጽዋውን በጨርቁ እንደተሸፈነ አንሥቼ በሩ አጠገብ ስደርስ ስልኬ ጮኸ። ርእሰ መምህሩ ናቸው። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። "እስቲ ይችን ያዢልኝ" ብዬ አስታቅፌያት ወጣሁ።

ሴትዮዋ ዘመናይ ናት። ለአንተነህ ሚስት አዲስ ጋን አምጥታ፣ ጸሎት ሲጀመር ብትሰማ ጊዜ ምርቃቱ እስኪደርስ ብላ ከበሩ ቆማለች። ሸክላ ሠሪ ናት። እናቷም፣ የእናቷም እናት። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ስጽፈው እንኳ ያሳፍረኛል፤ ቡዳ ይሏቸዋል። ከቤታቸው አይበላም፤ ከልጆቻቸው አይጋቡም፤ በሠሩት ድስት ግን ወጥ ይሠራል።

ዘወር ስል ቄስ ባዘዘው መስቀላቸውን ከራሷ ላይ አሳርፈው "ጽዋውን የተቀበልሽ፣ ለኅዳር ጽዮን በሰላም ታድርስሽ፤ ቤትሽን እንግዳ አያሳጣው፤ የዓመት ሰው ይበልሽ" ይላሉ። ማኅበርተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ዓመሉ፣ አሜን አለ። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እኔም ከደጅ ሆኜ አሜን አልሁ፤ ርእሰ መምህሩ በስልኩ ውስጥ "ምኑን ነው አሜን?" አሉኝ።

ከዚያ ሁላችንም ቀና አልን። ዘመናይ ጽዋውን እንደታቀፈች ወደ ቤቷ ሄደች።

ጥቅምት 22

አምስት ክፍለ ጊዜ አስተማርሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል።

የዘጠነኛ ክፍል የሥነ ዜጋ ርእስ፦ እኩልነት። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርሁት ርእስ ነው፤ መጽሐፍ አልይዝበትም። ዛሬ ግን ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ጀርባዬን በላኝ።

አቶ አስማማው ሦስት ጊዜ ደውለዋል። አላነሣሁም። ክፍል ውስጥ ስለነበርሁ ነው። (ሁለቱን ጊዜ።)

ጥቅምት 23

አቶ አስማማው እቤት መጡ። ከፍርድ ቤት በጡረታ ቢወጡም አነጋገራቸው አልወጣም።

"የብርጓል፣ ልጄ፣ ያሰርሽውን አንቺው ፍቺው" አሉኝ። "በኛ ማኅበር ሥርዓት ጽዋ የተቀበለ አባል ነው። ጽዋው ከቤቷ ሳለ ኅዳር ሃያ አንድ ከደረሰ፣ ወይ እቤቷ ገብተን እንበላለን፣ ወይ ማኅበሩ ይፈርሳል። ስልሳ ዓመት የቆየ ማኅበር ነው። ሄደሽ ስሕተት ነበር በያት። ጨዋ ሴት ናት፤ ትመልሳለች።"

ጨዋ ናት ካሉ ታዲያ ምን ቀረ? አላልኋቸውም። እሺ ነው ያልኋቸው።

ቀጥዬ ወደ ቄስ ባዘዘው ሄድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"አባ፣ ያን ምርቃት መመለስ ይቻላል?"

"ወዴት?" አሉኝ።

"እንዲያው... ስሕተት ነበርና።"

"እኔ መረቅሁ። እናንተ አሜን አላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጆሮዬ ነው እል ነበር።"

ሳይለዩዋት ነው ወይ የመረቋት ብዬ ጠየቅሁ። "ዓይኔ ሞራ እንደ ጣለበት ታውቂ የለ" አሉኝ። ወዲያው ቀና ብለው፣ እታች ከአጥሩ ጥግ የገባ ሙክት አይተው "ያን እግሩ ነጭ የሆነ በግ አስወጡት" ብለው ተጣሩ። እኔ በጉን ማየቴን እንጃ።

ጥቅምት 27

ዘመናይ ቤት ሄድሁ፤ ጽዋውን ልመልስ። ቤቱ ከወንዙ በላይ ነው። ደጁን ቀብታዋለች፤ ገና ከሩቁ ነጭ አፈር ይሸታል።

"ዘመናይ፣ የመጣሁት..." ስል "እትዬ የብርጓል፣ እንኳን መጡልኝ፤ ስንት ናችሁ?" አለችኝ።

"ሃያ አራት።"

"ከእኔ ጋር ሃያ አምስት። ለየሰዉ አንዳንድ ጣባ ልሠራ ነው፤ አዲስ፣ ማንም ያልበላበት። ጾም ስለሚሆን ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። አቶ አስማማው ጎመን ይወዳሉ ይባላል፣ እውነት ነው? አባስ ጥርሳቸው እንዴት ነው? ምስሩን ላድቅቀው?"

እንዲህ እያለች ትንፋሽ አልሰጠችኝም። ጽዋው ከግድግዳው ቁም ሣጥን ላይ፣ ከሥዕሉ ሥር፣ አዲስ ነጠላ ለብሶ ተቀምጧል። ሃያ ስድስት ዓመት ስናገር የኖርሁ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

ጠላ ቀዳችልኝ። ጨጓራዬን ያመኛል አልኋት። እውነትም ሰሞኑን ጨጓራዬ ደኅና አይደለም።

እራት ላይ ቃርያ በላሁ። ሁለት።

ጥቅምት 30

ዘመናይ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ዘበኛው አስጠራኝ። የተወቀጠ ተልባ በላስቲክ ቋጥራ "ለጨጓራዎት ነው፤ በባዶ ሆድ ይጠጡት" ብላ ሰጥታኝ ሄደች። አንድ ሰዓት በእግሯ ተጉዛ ነው።

የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ገባሁ። አንዷ ላስቲኩን እንደ እባብ አየችው።

ተልባውን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬዋለሁ። አልጠጣሁትም፤ ጨጓራዬ ስለተሻለኝ ነው።

ኅዳር 2

ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ሥልጠና ተጠራን፤ ስለ ማኅበራዊ መገለል። ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው አለ። አሠልጣኙ ከሩቅ የመጣ ልጅ ነው፤ ትሑት ነው፤ ጫማው ያበራል።

ጥሩ ጥሩ ነገር ሲያስተምረን ቆይቶ "በዚህ አካባቢ የእጅ ባለሙያን የሚያገልለው ሃይማኖቱ ነው" አለ። ደሜ ፈላ። እጄን ሳላወጣ ተነሣሁ።

"ልጄ፣ ልማዳችንን ሃይማኖት አታድርግብን" አልሁት። "ሴት በሰማንያ፣ ወንድ በአርባ ቀኑ ይጠመቃል። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ስትመጣ ቄሱ ሌላ ውኃ አይቀዱም። ቆራቢውም ከአንድ ጽዋ ነው የሚቀበል። ሁላችንም የአንድ አዳም ልጆች ነን ብሎ የሚጀምር ሃይማኖት እንዴት አድርጎ ዘር ቆጥሮ ይለያል? ዘር የቆጠርነው እኛ ነን፤ ስናፍር ጊዜ በቤተ ክርስቲያን እናመካኛለን።"

አዳራሹ አጨበጨበ። ኋላ የተቀመጠች አንዲት የጤና ባለሙያ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ልጁም ከልቡ ጻፈው። "አመሰግናለሁ፣ መምህርት፤ ታረምሁ" አለ። ቀጥሎ፣ ምንም ተንኮል ሳይኖረው "ታዲያ ለምሳሌ እርስዎ ከቤታቸው በልተው ያውቃሉ?" አለኝ።

የመለስሁትን አልጽፈውም። ጨጓራ የሚል ቃል ነበረበት።

መሽቶ እቤት ከገባሁ በኋላ ሳስበው፣ ልጁ ሃይማኖቴን አላወቀውም ብዬ ተቆጣሁ እንጂ ከየት ያውቀዋል? መጽሐፉን አላነበበም፤ ያነበበው እኛን ነው።

ኅዳር 6

ከተማው አብዷል። አንዱ ተማሪዬ በቴሌግራም የሚዞር ወሬ አሳየኝ፦ ጽዋው ከሸክላ ሠሪዋ ቤት በገባ ሌሊት ለሁለት ተሰነጠቀ ይላል። አምስት መቶ ሰው አንብቦታል። ጽዋውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚያምነኝ የለም።

ልጄ መቅዲ ከባሕር ዳር ደወለች።

"እማ፣ ጴንጤ ሆነሻል አሉ?"

"ማን ነው ያለ?"

"ሰው ሁሉ። ዘር የለም፣ ሁሉ አንድ ነው እያለች ትሰብካለች አሉ።"

ዛሬ ኪዳን ቆሜ ነው የመጣሁት፤ እግሬ ገና አልተፈታም። የገዛ ቤተ ክርስቲያኔን ትምህርት ብናገር ሃይማኖቷን ቀየረች ተባልሁ። ሳቅ ይዞኝ ስልኩን ልጥለው ነበር፤ መቅዲም ሳቀች። ከአባቷ ሐዘን ወዲህ እንዲህ አብረን ስቀን አናውቅም።

ስኳር ልገዛ ጎረቤቴ መርየም ሱቅ ገብቼ ይህንኑ አወራኋት።

"እኛስ ዘንድ የሌለ መስሎሻል?" አለች ሚዛኑን እያስተካከለች። "ልጄን ለሸማኔ ልጅ ልድር ብል አጎቴ ሦስት ወር አኮረፈኝ። ነቢዩ እንዲህ አላሉም ብዬ ብነግረው፣ እርሳቸው የእኔን አገር ሰው አያውቁም አለኝ።"

"መጨረሻው ምን ሆነ?"

"ዳርኋት። አሁን ሁለት ልጅ አላት፤ ከአጎቴ ትከሻ አይወርዱም።" ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብላ "ድግሱ ጾም ላይ ነው አይደል? ሥጋ ከሌለበት እኔም እመጣለሁ። እናንተ ከቀራችሁ የማርያምን ማኅበር እኔና ቄሱ እንበላታለን፤ ስሜም ይፈቅድልኛል" አለችኝ።

ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ እየከመረ አቃጠለ፤ ከተማው በጭስ ታፍኗል። እኔና አቶ አስማማው የአንድ መንገድ ሰዎች ስለሆንን አንድ ክምር ላይ ተገናኘን።

"ጽዋውን አልመለስሽውም" አሉ።

"አልመለስሁትም።"

"አልመጣም፣ የብርጓል። ክፉ ሰው ግን አታድርጊኝ።" በዱላቸው ቅጠሉን ይገፋሉ። "ታናሼ በአራት ዓመቱ ነው የሞተ። እናቴ፣ ገበያ ላይ አንዲት ሸክላ ሻጭ አየችው፣ በላችው እያለች አልቅሳ ቀበረችው። እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አሁን ውሸት ነው ብል እናቴን ውሸታም ማድረጌ አይደለም?"

በዚያ ዘመን ኩፍኝ እንደነበረ ታሪክ አስተማሪ ጓደኛዬ ነግሮኛል። ልናገረው አፌ ድረስ መጣ። ግን ዓይናቸው ረጥቧል፤ ጭሱ ይሁን ሌላ እንጃ። ሰውየውን እስከ ዛሬ ግትር ብቻ አድርጌ ነበር የምቆጥራቸው። ቅጠል ጨመርሁላቸው።

ኅዳር 15

በላሁ።

ዛሬ ጾሙ ገባ። ከቅዳሴ ስወጣ እግሬ ራሱ መራኝ ልል ነበር፤ ውሸት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ሳስብበት ነበር። ዘመናይ ጣባዎቿን አቃጥላ ከአመዱ ስታወጣ ደረስሁ። ሃያ አምስቱም ተደርድረዋል። አንዱን አንሥታ በጣቷ ስትመታው እንደ ደወል አለ።

"ጨጓራዎት ተሻለዎት?" አለችኝ።

"ጨጓራዬን አሞኝ አያውቅም" አልኋት። ይህን ለማለት ሃምሳ ሦስት ዓመት የፈጀብኝ መሰለኝ።

አመዱን ከእጇ እያራገፈች ፈገግ አለች።

"አውቄያለሁ፣ እትዬ። ጽዋውን ሊመልሱ የመጡ ዕለትም አውቄያለሁ። ቢጠይቁኝ እሰጥዎት ነበር። እንዳይጠይቁኝ ነው ያን ሁሉ የለፈለፍሁ።"

"ተልባውስ?"

"ተልባው ለጨጓራም ለሌላም ጥሩ ነው።"

ከዚያ ተቀምጣ ነገረችኝ። ያዢልኝ መባሏን እንጂ ተቀበይ አለመባሏን ያን ዕለትም አውቃ ነበር። አባ መስቀሉን ሲያሳርፉባት ደንግጣ ልትናገር አስባ፣ አሜን ሲባል ሰማች። "በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው አንድ ላይ ለእኔ አሜን ብሎልኝ አያውቅም" አለች። "ዝም አልሁ። ስሰርቅ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሽሮ አቀረበች። እንጀራውን ቆርሼ አጠቀስሁ። ምን ይሆን ብዬ የጠበቅሁትን አላውቅም። ትኩስ ስለነበር ምላሴን አቃጠለኝ፤ ሁለተኛውን እፍ ብዬ በላሁት። ከዚያ ጨምሪልኝ አልሁ። በጣም ደስ ብሎኝ፣ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ በላሁ። ለካስ እንዲህ ቀላል ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማርሁትን ዛሬ ተማርሁት ብል ማጋነን አይደለም።

ኅዳር 20

ጊዜ የለኝም። ጎመን ገዝቼ ላክሁ። ዘመናይ ተናደደች፤ "ድግሱ የእኔ ነው" ብላ ግማሹን መለሰችው። ልክ ናት።

ማኅበርተኛውን ቤት ለቤት ዞርሁ። አንተነህ እመጣለሁ አለ። ሌላው ማኅበርተኛ ታረቀኝ "እስቲ እናያለን" አለ። ሌሎቹ ወገባቸው፣ ጉልበታቸው፣ ራሳቸው። የጨጓራም ሰው አገኘሁ። እርሱን እንኳ ምንም አላልሁትም፤ ወንድሜ ነው።

እመቤቴ፣ እንዳታሳፍሪያት። እኔን ብታሳፍሪኝ ይገባኛል።

ኅዳር 21

እንዳይረሳኝ ሁሉን ልጻፈው።

ቅዳሴው ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ዘመናይ ቤት ገባን፤ ቄስ ባዘዘው፣ አንተነህና ሚስቱ፣ እኔ፤ መርየም ደግሞ ሱቋን ዘግታ፣ አዲስ ሻሽ አስራ። ሃያ አምስት ጣባ ተደርድሯል፤ እኛ አምስት። ዘመናይ የተስተካከሉትን ጣባዎች ዳግመኛ ታስተካክላለች።

አሥር ሰዓት ሆነ። አባ "እንጠብቅ" ብለው ዳዊታቸውን ገለጡ፤ ሞራ በጣለበት ዓይን ያነባሉ።

መጀመሪያ የመጣችው ያች ታማ የቀረችው ተረኛችን ናት። "አባ እዚህ ናቸው ቢሉኝ፣ ጠበል እንዲረጩኝ ነው" አለች። ተረጨች፤ ተቀመጠች። ታረቀኝ "ጽዋው ተሰንጥቋል ይባላል፤ እውነቱን ላጣራ ነው" ብሎ ገባ። አገላብጦ አየው፤ ደኅና ነው፤ ተቀመጠ። አንዷ ነጠላዬን ከቤተ ክርስቲያን ረስቼ የብርጓል ይዛልኝ እንደሆነ ብላ መጣች፤ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር። እንዲህ እያሉ፣ እያንዳንዱ ሰበቡን ይዞ፣ ቤቱ ሞላ። አንድም ሰው ድግሱን ብሎ አልመጣም፤ አንድም ሰው ግን አልወጣም። መርየም ሳቋን በሻሿ ስትታገል ቆይታ ወጥታ ስቃ ተመለሰች።

በመጨረሻ አቶ አስማማው መጡ። የማኅበሩን መዝገብ በብብታቸው ይዘዋል።

"የቀረውን ሰው ልመዘግብ ነው" አሉ፤ ከበሩ ሳያልፉ። ዙሪያውን አዩ። የቀረ የለም። መነጽራቸውን አድርገው መዝገቡን ገለጡና፣ ዘመናይን ሳያዩ "የክርስትና ስም?" አሉ።

"ወለተ ማርያም።"

ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ጻፉት፤ ሃያ አምስተኛ አድርገው። እንግዲህ ቆሞ አይጻፍምና፣ ሲጽፉ ተቀምጠው ነበር።

ባለ ድግስ ማኅበርተኛውን በእጇ ታጎርሳለች፤ ይህ የማይቀር ነው። ዘመናይ እጇን ታጥባ ተነሣች። ለአባ አጎረሰች፤ ለእኔ፤ ለሁሉም በየተራ። አቶ አስማማው ዘንድ ደረሰች። ጉርሻው በእጇ ላይ ነው። ሰውዬው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዋጡ። በጉሮሯቸው ሲወርድ ሁላችንም አየነው።

ዘመናይ አልሄደችም። ሁለተኛውን ጠቅልላ "አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ጌታዬ" አለቻቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ እርሷን፣ ቀጥሎ ጉርሻውን አዩ። ጎረሱ። ይህን ጊዜ አልጨፈኑም። ረጅም ጊዜ አላመጡ፣ አላመጡና፣ እጃቸውን ጠረግ አድርገው "ጨው አንሶታል" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተነህ እንባውን ጠረገ፤ አባ ዳዊታቸውን ጣሉ። ዘመናይ ግን ክው ብላ ቀረች፤ ምን አጠፋሁ ብላ ዓይኖቿ ውኃ ሞሉ። ከየት ታውቀዋለች? አቶ አስማማው በማንኛችንም ቤት ይህን ሳይሉ ወጥተው አያውቁም። ለእንግዳ አይሉትም፤ ለባዕድ አይሉትም፤ ለማኅበርተኛ ብቻ ነው የሚሉት።

ተነሥቼ አቀፍኋት። "አይዞሽ፣ የእኔንም ሃያ ዓመት እንዲህ ሲሉ ነው የኖሩት" አልኋት። ያን ጊዜ ገባት፤ ጨው አምጥታ ፊታቸው አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች።